ሥር የሚያድገው የት ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምት ሲገባ በመሃል አዲስ አበባ በየመንገዱ ዳር በጥቁር ፕላስቲክ የተተከለ ችግኝ ይደረደራል። ገዢው ቅጠሉን አገላብጦ ያያል፤ ሥሩን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ችግኙ መጽደቅ አለመጽደቁን የሚወስኑት ግን በአብዛኛው የየሥሩ የመጨረሻ ጥቂት ሚሊሜትሮች ናቸው።

«ሥር ከላይ እስከ ታች አብሮ ይረዝማል»

አይረዝምም። ባቄላ አንድ ሌሊት ዘፍዝፈው በእርጥብ ሶፍት ይጠቅልሉ። ሥሩ 2 ሴንቲሜትር ሲደርስ ቀጭን ክር ቀለም እየነከሩ ከጫፉ ጀምሮ በየ1 ሚሊሜትሩ ምልክት ያድርጉ። በእስክሪብቶ አይሞክሩት፤ ለስላሳውን ሥር ይቧጭረዋል። በማግስቱ ከጫፉ አጠገብ ያሉት ምልክቶች ተራርቀው፣ ከኋላ ያሉት ግን እንደነበሩ ሆነው ያገኟቸዋል። የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ለውጡ ጎልቶ እስኪታይ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዩሊየስ ዛክስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሳየው ይህንኑ ነው።

«የሚረዝመው ሕዋሳት ስለሚከፋፈሉ ነው»

አንድ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ሁለቱ ተደምረው የቀድሞውን ያህል ናቸው። ክፍፍል ቁጥር ይጨምራል፤ ርዝመቱ የሚመጣው ከክፍፍሉ ቦታ ከፍ ብሎ ባለው ክፍል ነው። እዚያ የሕዋሱ ግድግዳ ይላላል፣ ውስጡ ያለው ቫኪዩል የተባለ የውሃ ከረጢት ውሃ ስቦ ይነፋል፣ ሕዋሱም በሥሩ ርዝመት አቅጣጫ ይለጠጣል። አፈሩ ክው ብሎ ሲደርቅ ሥሩ ባለበት የሚቆመው የሚነፋበት ውሃ ስለሚያጣ ነው።

«ጫፉ ላይ ያለ ሕዋስ ሁሉ በፍጥነት ይከፋፈላል»

መጨረሻ ላይ ያለው ጫፉን የሚሸፍነው ቆብ ነው፤ ውጫዊ ሕዋሳቱ በአፈር እየተፋቁ ይረግፋሉ። ከቆቡ ኋላ ደግሞ እምብዛም የማይከፋፈሉ ጥቂት ሕዋሳት አሉ። እነዚህ በዙሪያቸው ያሉትን ሕዋሳት የመከፋፈል አቅም ጠብቀው ያቆያሉ።

የሕዋስ ክፍፍልን በማይክሮስኮፕ ለማየት የቀይ ሽንኩርት ሥር የሚያዘጋጅ ተማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። 1 ሴንቲሜትር ቆርጦ ከላይኛው በኩል ከወሰደ የሚያየው የተለጠጡ ረጃጅም ሕዋሳትን ብቻ ነው። የሚፈለገው የመጨረሻው 2 ሚሊሜትር ነው። ሥሩ 3 እጅ አልኮልና 1 እጅ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ከቆየ በኋላ፣ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ በ60 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ ያህል ይሞቃል፤ ከዚያ ይቀለምና በመስታወት መሃል ይጨፈለቃል። አሲዱ ካነሰው ሕዋሳቱ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ከበዛበት ሥሩ ይበጣጠሳል። በደንብ የተዘረጋ ሕዋስ ሲገኝ 16 ክሮሞዞም (የዘር መረጃ ተሸካሚ ክሮች) ይቆጠራል።

«ጸጉር ሥር አድጎ ወፍራም ሥር ይሆናል»

በጭራሽ። ጸጉር ሥር ከላይኛው ሽፋን ወደ ጎን የወጣ የአንድ ሕዋስ አካል ነው፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ቅርንጫፍ ሥር የሚነሳው ከውስጥ፣ የውሃና የምግብ ማመላለሻ ቱቦዎችን ከከበበው ንብርብር ነው፤ የላይኞቹን ሽፋኖች እየሰነጠቀ ይወጣል።

ችግኝ ሲተክሉ አፈሩን የሚያራግፉ ሰዎች የሚያጠፉት ጸጉር ሥሩን ነው። የተበጠሰው በቦታው አይተካም፤ አዲስ የሚወጣው ጫፉ አድጎ በሚፈጥረው አዲስ ክፍል ላይ ነው። እስከዚያ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ስለዚህ ከመትከል በፊት ያጠጡት፣ ፕላስቲኩን በምላጭ ከጎን ይሰንጥቁ፣ አፈሩን ሳያፈርሱ ያውጡ። ከታች ተጠምጥሞ የዞረውን ሥር ብቻ በስለት ይቁረጡት፤ ጫፉ ሲቆረጥ ከኋላው አዳዲስ ቅርንጫፎች ይነሳሉ።

«ሥር ወደ ታች የሚሄደው ክብደቱ ስለሚጎትተው ነው»

አቅጣጫውን የሚለየው ቆቡ ነው። በቆቡ ሕዋሳት ውስጥ ያሉ የስታርች ቅንጣቶች ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ኦክሲን የተባለው ሆርሞን በታችኛው ጎን ይበዛና የዚያን ጎን መለጠጥ ያዘገየዋል፤ ሥሩ ይታጠፋል። ቆቡ የተነሳ ሥር ማደጉን ቢቀጥልም አዲስ ቆብ እስኪያበቅል ድረስ አቅጣጫውን ይስታል።

«ውሃ በበዛ ቁጥር ሥር ይበረታል»

የሚከፋፈል ሕዋስ ኦክሲጅን በብዛት ይፈልጋል። በሐምሌ ዝናብ ጥቁር አፈር ሲጠግብ፣ ወይም ቀዳዳ የሌለው ጣሳ ውስጥ ውሃ ሲተኛ፣ አየር ከአፈሩ ይወጣል፤ ጫፉ ቀድሞ ይሞትና ይጠቁራል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ውሃ የጎደለው መስሎን እንጨምርበታለን። ከመጨመር በፊት ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ ጣሳውን ከታች ይብሱት።