«ዘጠኝ ወሩ ነው? አይቀመጥም እንዴ?» ስለ አደራ ሕፃን የሚባለውና እውነታው

ማሙሽ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ቤታችን ሲገባ ዘጠኝ ወሩ ነበር። ከአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ነው የመጣው። ማሙሽ የቤት ስሙ ነው፤ እውነተኛውን አልጽፍም። ያኔ በትራስ ካልተደገፈ አይቀመጥም። ቢርበውም አያለቅስም። በመጀመሪያው እሁድ ቡና አፈላሁና ጎረቤት ሊያየው መጣ። ሁሉም በየተራው ምክር ጥሎልኝ ሄደ። ግማሹ ምክር ጥሩ ነበር። እዚህ የምጽፈው ስለ ሌላው ግማሽ ነው።

በቅድሚያ ግን «ጉዲፈቻ ወሰዳችሁ?» ለሚሉን። አይደለም፤ እኛ የአደራ ቤተሰብ ነን። ጉዲፈቻ ልጁን ለዘለቄታው የራስ ልጅ ማድረግ ነው። የአደራ ቤተሰብ፣ ፎስተር የሚባለው፣ ወላጅ ወይም ዘመድ እስኪገኝ፣ ወይም ልጁ ቋሚ ቤት እስኪያገኝ ድረስ በጊዜያዊነት ያሳድጋል። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ስለተከለከለ፣ እነዚህን ልጆች የሚቀበል ቤት የሚፈለገው እዚሁ እኛው መሀል ነው።

«ዘጠኝ ወሩ ነው? አይቀመጥም እንዴ?»

ይሄን ያሉኝ የታች ፎቅ እማማ ናቸው። ክፋት የለባቸውም፤ ሰባት ልጅ አሳድገዋል። ሰባቱም ግን እናታቸው ጀርባ ላይ ታዝለው ነው ያደጉት። ማሙሽ አብዛኛውን ቀን አልጋ ላይ በጀርባው ተኝቶ ነው የከረመው። የጭንቅላቱ ጀርባ ጠፍጣፋ ሆኖ ነበር፤ ፀጉሩም እዚያ ጋ ሳስቷል። አንዲት ሞግዚት ብዙ ሕፃን በምትይዝበት ቤት ጡጦ ትሰጣለች፣ ዳይፐር ትቀይራለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ምን ታድርግ? የሕፃን አንገትና ወገብ የሚጠነክረው ደግሞ ሲታቀፍ፣ ሲታዘል፣ ነቅቶ ሳለ በሆዱ ተኝቶ ቀና ሲል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ጋና፣ ሕንድ፣ ኖርዌይ፣ ኦማንና አሜሪካ ውስጥ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2006 አውጥቷል። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ4 ወር ገደማ እስከ 9 ወር፣ ሳይደገፉ መራመድ ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ይዘረጋል። ከመቶ አራት ያህሉ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድኹ ነው የቆሙት። ልብ በሉ፣ እነዚህ እናታቸው እቅፍ ውስጥ ያደጉ ልጆች ናቸው። ከማሳደጊያ የመጣ ልጅ ከዚህ ዘግይቶ ቢገኝ ምን ይገርማል?

ሌላም አለ። «ዘጠኝ ወር» የሚለው ራሱ ግምት ሊሆን ይችላል። ተጥሎ የተገኘ ልጅ የልደት ቀን አይታወቅም፤ ፋይሉ ላይ ያለው ሐኪም አይቶ የገመተው ነው። ያለጊዜው የተወለደ ከሆነ ደግሞ እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ የሚቆጠርለት መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ የዘጠኝ ወር ልጅ እንደ ሰባት ወር ይታያል። እኔ ማሙሽን ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር ያቆምኩት ይሄን ሳውቅ ነው። አሁን የማወዳድረው ካለፈው ወር ማሙሽ ጋር ነው።

«ሲያዩት ጨዋ ነው፤ አያለቅስም»

እኔም መጀመሪያ ተደስቼ ነበር። ሞኝነቴ! ሕፃን ማልቀሱን የሚቀጥለው ሲያለቅስ ሰው እንደሚመጣ ስለለመደ ነው። ደጋግሞ አልቅሶ ማንም ካልመጣ ይተወዋል። ዝም ያለ ሕፃን ጠግቦም ሊሆን ይችላል፣ ተስፋ ቆርጦም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እስኪያለቅስ አልጠበቅንም። እጁን አፉ ውስጥ ሲከት፣ ከንፈሩን ሲመጥ፣ ፊቱን ሲያዞር እያየን ቶሎ እንደርሳለን። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱን በጩኸት አናጋው። ባለቤቴ መብራት አብርቶ «አለቀሰ!» አለኝ፣ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው። ጎረቤት ሰምቶ ምን እንዳለን እንጃ።

«እጅ ይለምድብሻል፣ አስቀምጪው»

ይልመድ! የመጣው እኮ እጅ አጥቶ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሕፃን በመታቀፍ አይበላሽም። ማዘል፣ እሹሩሩ ማለት፣ እያዩት ማውራት ለእሱ ከምግብ እኩል ነው።

እዚህ ላይ የማነሳው ሩማኒያ ቡካሬስት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረውን ጥናት ነው። ማሳደጊያ ውስጥ ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹ በዕጣ ተመርጠው አደራ ቤተሰብ ውስጥ ገቡ። ቤት የገቡት ከቀሩት በተሻለ አደጉ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። ሁሉም ነገር ግን እኩል አልተመለሰም። በአንዳንዶቹ ላይ ለምሳሌ ትኩረት የማጣት ችግር ቀርቷል። እቅፍ ተአምር አይሠራም፤ ቶሎ ሲመጣ ግን ብዙ ይሠራል።

ባለቤቴ በነጠላ አዝሎት ኮሚናሉ ጋ ሲንጎራደድ የሰፈሩ ጎረምሶች ይስቁበት ነበር። አሁን ለምደውታል።

«ሰው አይፈራም፣ ተግባቢ ነው»

ያን እሁድ ስድስት ሰው ተቀባበለው። ለሁሉም እኩል ፈገግ አለ። ከሰባት ከስምንት ወር ወዲህ ግን ሕፃን የራሱን ሰው ለይቶ ባዳን መፍራት ይጀምራል። ለሁሉም እኩል የሆነ ልጅ ገና የኔ የሚለው ሰው የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ጡጦ የምንሰጠውም የምናስተኛውም እኔና ባለቤቴ ብቻ ሆንን። እማማ ትንሽ ተቀየሙኝ። አሁን እሳቸው ሲመጡ ቀሚሴን ይዞ ፊቱን ይደብቃል። እኔ ደስ ይለኛል፣ እሳቸው ግን እስካሁን አልገባቸውም።

«የጎደለው ምግብ ነው፤ ማር አልሱት፣ የላም ወተት ስጡት»

ምግብ አንዱ ነገር ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። ማር አንድ ዓመት ሳይሞላ አይሰጥም፤ ሕፃንን ክፉኛ የሚመርዝ ጀርም ሊኖርበት ይችላል። የላም ወተትም ከዓመት በፊት ዋና መጠጥ አይሆንም፤ የጣሳ ወተቱ ይቀጥላል። ከስድስት ወር ጀምሮ ወፈር ያለ የምጥን ገንፎ ይጨመራል። በመጀመሪያው ሳምንት ግን የለመደውን የወተት ዓይነትና ሰዓት አትቀይሩበት፤ አልጋው፣ ሽታው፣ ድምፁ ሁሉ ተቀይሮበታል። ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመዝኑት፣ የክትባት ካርዱንም አሳዩ። ከስድስት ወር በላይ የሆነ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ቤት ውስጥ በገንፎ የሚታከም አይደለም። ፀሐይም እንዳትረሱ። ቤት ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ልጅ አጥንቱ ሊለሰልስ ይችላል፣ መራመዱም በዚያ ሊዘገይ ይችላል።

«ዎከር ግዙለት፣ ቶሎ ይሄዳል»

አይሄድም። ዎከር ሕፃኑ ውስጡ ሆኖ የሚገፋው ባለ ጎማ መቀመጫ ነው፤ ጡንቻውን የሚያጠነክርለት ግን መሬት ነው። ሕፃናት ከነዎከሩ ከደረጃ ስለሚወድቁ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ዎከር መሸጥን ጨርሳ ከልክላለች። የእኛ ደረጃ ደግሞ አራት ፎቅ ይወርዳል።

«ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል»

የጎን ጎረቤታችን ልጅ በኦሮምኛ ታጫውተዋለች፣ እኛ በአማርኛ። ሁለት ቋንቋ የልጅን አፍ አያዘገይም። የሚያሳስበው ለየትኛውም ድምፅ ዞር አለማለቱ ነው፤ ያኔ ጆሮው ይመርመር።

«ተዪው፣ በራሱ ጊዜ ይደርሳል»

ይሄኛው የሚያጽናና ስለሆነ ነው አደገኛ የሚሆነው። ከማሳደጊያ ስለመጣ ነው እያልን ሌላ በሽታ እንዳናልፍ። በሦስት ወሩ ፊት አይቶ ፈገግ የማይል፣ ሰውነቱ ግትር ወይም ልፍስፍስ ያለ፣ ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም፣ በዓመቱ «ባባ» «ዳዳ» ብሎ የማይንተባተብ፣ በ18 ወሩ የማይራመድ ልጅ ሐኪም ይየው። የቻለውን ነገር ከተወ ደግሞ አንድ ሳምንትም አትጠብቁ። ቤት ገብቶ ሁለት ሦስት ወር ሆኖት ምንም ለውጥ ካልታየም እንዲሁ። ማሙሽ እኛ ጋ በገባ በሁለት ወሩ ተቀመጠ፣ በአምስተኛው ዳዴ አለ። አሁን እኛ ጋ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ሶፋ ይዞ ይቆማል፣ እኛም «ወፌ ቆመች!» እንላለን። ገና አልሄደም። የሚቀጥለው ወር ቀጠሮ አለን።

«መሄዱ ላይቀር፣ ብዙ አትላመጂው»

ይሄን ያለችኝ እህቴ ናት፣ ለእኔ አዝና። ሕፃን ግን አንዴ ሰው ማመን ከተማረ ቀጣዩን ሰው ማመን ይቀለዋል። የሚሰብረው ባንድ ቀን ተነጥቆ መሄዱ ነው። አዲሶቹ ሰዎች አስቀድመው ይምጡ፣ እኛ እያለን ያብሉት፣ ያስተኙት።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ? እኔ አደራውን ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው። እስካሁን ያለው ይሄ ነው፦ ገንፎ ሞቅ ሲል እንጂ ቀዝቅዞ አይውጥም። ጡጦ ሲይዝ አውራ ጣታችሁን ስጡት፣ ይጨብጠዋል። እሹሩሩ በዝግታ። ሰማያዊዋ ብርድ ልብስ ሳትታጠብ ትሰጠው፤ የሚፈልገው ሽታዋን ነው።