የእግር ጉዞ መነሻ ምንድን ነው? ልጆች ይዞ ከአዲስ አበባ ለሚወጣ ቤተሰብ

የእግር ጉዞ መነሻ ማለት መኪና ቆሞ እግር የሚጀምርበት ቦታ ነው። ለግማሽ ቀን ሃይኪንግ ከዚህ በላይ ማሰብ ላያስፈልግ ይችላል። ድንኳን፣ ምግብና የሌሊት ልብስ አዝሎ ከልጆች ጋር ተራራ ላይ ሊያድር ለተነሳ ቤተሰብ ግን የመነሻው ምርጫ ከጫማውም ከድንኳኑም ይበልጣል። ዳገቱ በጠዋት ይመጣል ወይስ ልጆቹ ከደከሙ በኋላ? ውኃ ከየት ይቀዳል? አንዱን ቢያመው በስንት ሰዓት መኪና ጋ ይደረሳል? እነዚህን ሁሉ የሚወስናቸው መነሻው ነው።

አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ተቀምጦ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መኪና እስከ የት ይገባል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። ቅድሚያ ማደሪያው ይመረጥ፦ ደልዳላ የሆነ፣ ከነፋስ የተከለለ፣ ምንጭ በቅርብ ያለው ቦታ። ከዚያ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ልጆቹ በሰዓቱ ሊደርሱ የሚችሉበት መነሻ ይፈለጋል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ልጆች ያሉበት ቡድን ሸክም ይዞ በተረገጠ መንገድ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ሽቅብ 1 ሰዓት ይጨመር። መንገድ በሌለበት መሬት ላይ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ከተሄደ ደህና ነው። ማደሪያው በ7 ኪሎ ሜትር መንገድና በ450 ሜትር ዳገት ላይ ቢሆን፣ ከዚያም በላይ 1 ኪሎ ሜትር ከመንገድ ውጪ ቢቀር እንየው። መንገዱ 3 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ዳገቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ከመንገድ ውጪ ያለው 1 ሰዓት፣ ምሳና ዕረፍት 1 ሰዓት፤ ድምሩ ወደ 6 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል የተነሳ 9 ሰዓት ላይ ይደርሳል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀችም በኋላ ቶሎ ይጨልማል። ድንኳን መትከል፣ ውኃ መቅዳት፣ እራት ማብሰል ሁሉም በብርሃን ማለቅ አለባቸው። ስለዚህ ከ10 ሰዓት በኋላ የሚያደርስ መነሻ ምንም ያህል ቢያምር ይሰረዝ።

ውኃው በሸክም ይሰላል። 1 ሊትር 1 ኪሎ ነው። አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለእያንዳንዱ 3 ሊትር፣ ለማብሰያ ደግሞ 5 ሊትር ቢይዝ 17 ኪሎ ተሸከመ ማለት ነው፤ ይህ ገና ድንኳኑና ምግቡ ሳይታሰብ ነው። አዋቂ ከራሱ ክብደት ሩብ፣ ልጅ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ቢሸከም ይበቃዋል፤ 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ላይ ከ3 ኪሎ ብዙም ማለፍ አይገባም። ምንጭ የሌለው ማደሪያ ለቤተሰብ የማይሆነው ለዚህ ነው። ካርታ ላይ በሰማያዊ የተሰመረ ጅረት ጥር ላይ ደርቆ ሊገኝ ይችላልና እረኞችን «በዚህ ወር ከብት የምታጠጡት የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ከካርታው የተሻለ መልስ ያስገኛል። ከብት የሚጠጣበት ውኃ መፍላቱ ግን ግዴታ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ውኃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ።

የተዳፋቱ አቅጣጫ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ጉዳይ ነው። በወንጪ ጉዞው ከእሳተ ገሞራው ጠርዝ ከተጀመረ ሐይቁ ከታች ነው። ልጆች እየሮጡ ይወርዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ጉልበት ሲያልቅና ፀሐይ ሲበረታ፣ ያንኑ ቁልቁለት ሽቅብ መመለስ ይመጣል። በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ ከሆነ ይህ ለልጆች መጥፎ መነሻ ነው። አዳር ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ታች ታድሮ፣ የምግቡ ሸክም ቀልሎ፣ ዳገቱ በማለዳ በብርድ ይወጣል። አንድ መነሻ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው ከጉዞው ቅርጽ ጋር ሲታይ ነው። መናገሻ ሱባ በተቃራኒው ነው። ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ካለው የጫካው በር ሲነሱ መጀመሪያ በጽድ፣ በዝግባና በወይራ መካከል ሽቅብ ይኬዳል፣ ጉሬዛና ድኩላም ይታያሉ። ጫፉ ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል፤ ነገር ግን ልጁ «ደከመኝ» ያለበት ቦታ ሁሉ መመለሻ ሊሆን ይችላል፣ መመለሱም ቁልቁለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ቤተሰብ ከእነዚህ ሁለቱ ሱባን እመርጣለሁ። ማደር የሚቻልበትን ቦታና ፈቃዱን በሩ ላይ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዝቋላም ከግርጌ የሚነሳ ነው፤ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ስለሚከበር ግን በእነዚያ ቀናት ጸጥ ያለ አዳር አይታሰብ።

ከፍታን በተመለከተ የአዲስ አበባ ልጅ አንድ ጥቅም አለው፤ የሚተኛው 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ግን ገደብ አለው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል። ስሜን ተራሮች ላይ ከሳንቃበር ማደሪያ መነሳትና ዝቅ ብላ ከምትገኘው ከደባርቅ ከተማ መነሳት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፦ ሳንቃበር 3,250 ሜትር ገደማ፣ ሌላው ማደሪያ ግጭ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ናቸው። አዲስ አበባ ያደረ ልጅ በማግስቱ ግጭ ቢያድር ከ1,000 ሜትር በላይ ዘለለ ማለት ነው። ትንሽ ልጅ የከፍታ ሕመም ሲይዘው «ራሴን አመመኝ» ላይል ይችላል፤ ምግብ እምቢ ይላል፣ ይነጫነጫል፣ ያስመልሰዋል። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። መነሻ ሲመረጥ በሌሊትም ሊወረድበት የሚችል መንገድ መኖሩ የሚታየው ለዚህ ነው።

አሁን ከመንገድ ስለመውጣት። ማደሪያው ከእግር መንገዱ ራቅ ሲል ወይም ሁለት መንገዶችን ማገናኘት ሲያስፈልግ ያልተረገጠ መሬት መቁረጥ ይመጣል። ለቤተሰብ የሚፈቀደው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛው፣ ከጎን የሚከተሉት መሪ መስመር፦ የተራራ ጀርባ፣ ጅረት፣ የጫካ ዳር። ሁለተኛው፣ ቢያልፉት የሚያስቆም መስመር፦ የመኪና መንገድ፣ ወንዝ፣ አጥር። እንጦጦን እንይ። ከጫፉ በስተደቡብ የሚወርደው ውኃ በቀበና በኩል ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በስተሰሜን የሚወርደው በሱሉልታ በኩል ወደ ሙገርና አባይ ያመራል። ጉም ሲወርድ ጫፉ ላይ ግራና ቀኙ ይመሳሰላል፤ በተሳሳተው ጎን 200 ሜትር የወረደ ቤተሰብ ከተማው ይቅረበኝ ሲል እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ የተራራውን ጀርባ ከመልቀቅ በፊት ቆሞ በኮምፓስ ማረጋገጥ ነው። ሸለቆውን ተከትሎ መውረድም አይመከርም፤ ቦረቦሩ ወደ ታች እየጠበበና እየጠለቀ ሄዶ ፏፏቴ ላይ ሊያደርስ ይችላል። በጀርባው ላይ መውረድ ይሻላል።

ተዳፋቱ ከቤት ሳይወጡ ይለካል። በ1፡50,000 የአገራችን ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው፤ በሁለት የከፍታ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ 20 ሜትር። በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 5 መስመር ከተቆጠረ በ500 ሜትር ርቀት 100 ሜትር ይወጣል፤ ወደ 11 ዲግሪ ነው፣ ልጆች ይችሉታል። 10 መስመር ከሆነ ወደ 22 ዲግሪ ይደርሳል፤ እርጥብ ሣር ላይ ከነሸክም መንሸራተት የሚጀምረው እዚህ አካባቢ ነው፣ ለቤተሰብ እዚህ ላይ ይቁም። ከዚህም ሌላ አንድ አደጋ አለ፦ 15 ሜትር የሚረዝም ገደል በሁለት መስመሮች መካከል ሊደበቅ ይችላል። ደጋችን አናቱ ሜዳ ሆኖ በድንገት በገደል የሚያልቅበት ቦታ ብዙ ነው፤ ገደሉም ከላይ ሲታይ የሣሩ ሜዳ የቀጠለ ይመስላል። ስለዚህ አንድ አዋቂ ቀድሞ ሄዶ አይቶ ይመለስ፣ ልጆቹ ከሌላው ጋር ቆመው ይጠብቁ።

የድሮው ወረቀት ካርታና ስልክ አብረው ሲሠሩ ሌላ ስህተት ይገባል። ካርታዎቹ የቦታ ቁጥሮችን የሚቆጥሩበት መሠረታዊ ልኬት አዲንዳን ይባላል፤ ስልክ የሚጠቀመው ደግሞ ሌላ ነው። ከወረቀቱ ላይ የተነበበ የቦታ ቁጥር እንዳለ ስልክ ውስጥ ሲገባ ነጥቡ ወደ 200 ሜትር ይዛነፋል። ገደል ዳር 200 ሜትር ብዙ ነው። የስልክ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ካርታው ግን ቤት ሳሉ በዋይፋይ መጫን አለበት።

መሬቱ ራሱ ፍጥነት ይቀንሳል። መረሬ አፈር ከዝናብ በኋላ ጫማ ላይ እየተለጠፈ የልጅ እግር ያከብዳል። ቀጋና አጋም ያለበት ቁጥቋጦ ልብስም ቆዳም ይቀድዳል፤ ሳማ ባለበት ቁምጣ አይለበስም። ጓሳ ሣር ከሩቅ ለስላሳ ሜዳ ቢመስልም በጉብታዎቹ መካከል ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል። የባሕር ዛፍ ጫካ ከሥር ባዶ ስለሆነ ለመሄድ ይቀላል፣ ግን የተላጠው ቅርፊት ተዳፋት ላይ ያንሸራትታል። የተዘራ ማሳ አቋርጦ መሄድ ክልክል ነው፤ በዳሩ ይዞራል፣ ባለቤቱ ከታየ ሰላም ተብሎ ይጠየቃል። ይህ ሰላምታ ውሻውንም ያስታግሳል።

ከሁሉም በፊት ግን የጸጥታው ሁኔታ ይጣራ። መነሻው ያለበትን ወረዳ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ከአካባቢው ሰው አስጎብኚ መያዝ ያስፈልጋል፤ ስሜን ላይ ደግሞ ያለ ስካውት (አብሮ የሚሄድ የፓርኩ ጠባቂ) አይገባም። መልሱ «አሁን አይመከርም» ከሆነ ቦታው ይቀየራል፣ ድርድር የለውም። ማታ ምግብ ድንኳን ውስጥም ደጅም ክፍት ሆኖ አይደር፤ ጅብ በእንጦጦም በወጨጫም አለ።

በመነሻው ዕለት የመንገዱ ካርታ ፎቶ፣ የማደሪያው ስምና የመመለሻው ሰዓት ከተማ ለሚቀር ዘመድ ይላካል፤ ከዚያ ሰዓት ስንት ቆይቶ ለወረዳው እንደሚደውልም አብሮ ይነገረዋል። ለእያንዳንዱ ልጅ ፊሽካ አንገቱ ላይ ይታሰርለት። ከቡድኑ ከተለየ ባለበት ይቁም፣ ሦስት ጊዜ ይንፋ፣ ደቂቃ ያህል ያዳምጥ፣ እንደገና ይንፋ። ይህንን መኪናው አጠገብ ሁሉም አንድ ጊዜ እንዲሞክሩት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያልተለማመደ ልጅ ሲደነግጥ ፊሽካውን ረስቶ ይሮጣል።