ክሩስ ወይስ ሞድሪች? ስለ ሁለቱ የማድሪድ አማካዮች በስህተት የሚባሉ ነገሮች

ቶኒ ክሩስ እና ሉካ ሞድሪች ከ2014 እስከ 2024 በሪያል ማድሪድ መሀል ሜዳ አብረው ተጫውተዋል (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አብረው አምስት የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አንስተዋል፦ 2016፣ 2017፣ 2018፣ 2022 እና 2024። ክሩስ በ2024 ጫማውን ሰቀለ። ሞድሪችም በ2025 ወደ ኤሲ ሚላን ሄደ። «ማን ይበልጣል?» የሚለው ሙግት ግን እስካሁን አልበረደም። ደግሞ ሙግቱ ላይ የሚነሱት ነጥቦች አብዛኞቹ ውሃ አይቋጥሩም።

«ሁለቱም ያው አቀባይ ናቸው»

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ሁለቱም ኳስ አይጠፋባቸውም፤ ሁለቱም ቀና ብለው ነው የሚጫወቱት። ስለዚህ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ኳሷን ወደፊት የሚያደርሱበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ክሩስ ይልካታል፤ ሞድሪች ይዟት ይሄዳል።

ማድሪድ ከኋላ መስርቶ ሲጀምር ክሩስን ብቻ ተከታተሉት። ወደ ኋላ ወርዶ በግራ መስመር ተከላካዩና በመሀል ተከላካዩ መካከል ይቆማል። ቀኝ እግረኛ ሆኖ በግራ በኩል ስለሚቆም፣ ኳስ ሲቀበል ሜዳው በሙሉ ፊት ለፊቱ ነው። በአንድ ንክኪ ያበርዳል፣ በሁለተኛው ይልካል። እሱ እዚያ ከወረደ የግራ ተከላካዩ ማርሴሎ ሳይሳቀቅ ወደፊት ይሮጥ ነበር። የተጋጣሚ አማካይ ሊጫነው ከወጣ የራሱን ቦታ ክፍት ይተዋል። ካልወጣ ደግሞ ክሩስ ጊዜ አገኘ ማለት ነው። ለክሩስ ጊዜ ሰጥቶ በሰላም የወጣ ቡድን ጥቂት ነው።

ሞድሪች በቀኝ በኩል ነው የሚጀምረው፤ ግን አንድ ቦታ አይገኝም። ሰው እላዩ ላይ ሲመጣበት ደስ የሚለው ዓይነት ነው። ትከሻውን ወደ አንድ ጎን ያሳይና በሌላው ይዞራል፤ የመጣው ሰው ከኋላው ቀረ። ከዚያ በኋላ ተከላካዮቹ አንድ ሰው ጎድሎባቸው ነው የሚያገኙት። ክሩስ ጫናው እንዳይደርስበት አስቀድሞ ቦታ ይመርጣል፤ ሞድሪች ግን ጫናው ከደረሰ በኋላ ነው የሚያመልጠው። ቁልፉ ልዩነት ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

«ክሩስ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚያቀብለው»

በገዛ ሀገሩ ሳይቀር በዚህ ሲቀለድበት ኖሯል። ጀርመኖች በጎን ቅብብሉ ቅጽል ስም አውጥተውለታል። በ2021 ከብሔራዊ ቡድኑ ራሱን አገለለ። በመጋቢት 2024 ግን ተመለሰ፤ ጨዋታው ሊዮን ላይ ከፈረንሳይ ጋር ነበር። ፊሽካው ተነፋ፣ ኳሷ ወደ ክሩስ መጣች፣ እሱም በቀጥታ ወደፊት ለፍሎሪያን ቪርትዝ ሰደዳት። ቪርትዝ ከሩቅ መታ፣ ጎል። ሰዓቱ ገና ሰባተኛው ሰከንድ ላይ ነበር። ወደፊት ማቀበል የማይችለው ሰውዬ እንግዲህ ይሄ ነው!

ከወር በኋላ ደግሞ ሙኒክ ላይ የሆነውን እዩ። ሚያዝያ 30 ቀን 2024፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ፣ ባየርን ከማድሪድ። ክሩስ መሀል ሜዳ ላይ ኳስ ይዟል። ቪኒሲየስ ሊቀበለው ወደ እሱ ቀረበ፤ ተከላካዩ ኪም ሚን ጄም ተከትሎት ወጣ። ክሩስ አላቀበለውም። በእጁ ከኪም ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ጠቆመው። ቪኒሲየስ ዞሮ ሲፈተለክ ኳሷ በመሬት ተከላካዮቹን ሰንጥቃ እግሩ ስር ደረሰች። ከግብ ጠባቂው ኖየር ጋር ብቻ ለብቻ ቀረ፤ አገባ። ለቪኒሲየስ መንገዱን ያሳየው አቀባዩ ራሱ ነው።

የጎን ቅብብሉስ? እሱም ለጨዋታው ነው። ኳስ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ የተጋጣሚ መስመር አብሮ ይንሸራተታል። አንዱ አንድ እርምጃ ዘግየት ያለ ጊዜ ክፍተት ይፈጠራል። ክሩስ የሚጠብቀው ያንን ነው። አሰልቺ ነው ካላችሁ አልከራከርም፤ አንዳንዴ እውነትም ያሰለቻል።

«ሞድሪች ደቃቃ ስለሆነ መከላከል ላይ አይረባም»

ቁመቱ 1 ሜትር ከ72 ነው፤ ሲታይ እንኳን ሊነጥቅ የሚገፈተር ይመስላል። ግን ከሁለቱ የተሻለ ኳስ ነጣቂ እሱ ነው። ቀድሞ ያነባል፣ እግሩ ይፈጥናል፣ ኳስ ከተቀማም ቆሞ አያለቅስም። የክሩስ ደካማ ጎን በተቃራኒው እዚህ ላይ ነው። ተጋጣሚ በፈጣን መልሶ ማጥቃት ሲመጣና ከኋላው ሰፊ ሜዳ ሲኖር ሮጦ የመድረስ አቅም የለውም።

አይነጥቅም ማለት ግን አይደለም። በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ጀርመን ብራዚልን 7 ለ 1 ስትቀጠቅጥ፣ ክሩስ ሁለተኛ ጎሉን ያገባው ከፈርናንዲንሆ እግር ላይ ኳስ ነጥቆ ነው።

«ሁለቱን ያሳመራቸው ካሴሚሮ ነው»

ግማሽ እውነት አለው። ተከላካይ አማካዩ ካሴሚሮ በ2015 ከፖርቶ የውሰት ቆይታው ተመለሰ። በ2016 ዚዳን አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ቋሚ አደረገው፤ ሦስቱ አማካዮች አብረው ተከታታይ ሦስት የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ በሉ። ክሩስ የማይሮጠውን ሜዳ ካሴሚሮ ሮጦለታል፤ ይሄን መካድ አይቻልም።

ግን በ2014 መጨረሻ ማድሪድ በሁሉም ውድድሮች 22 ጨዋታ በተከታታይ ሲያሸንፍ ካሴሚሮ ፖርቶ ነበር። ከዚያ በፊት ቦታውን ይይዝ የነበረው ዣቢ አሎንሶም ወደ ባየርን ሄዷል። ከተከላካዮቹ ፊት የቆመው ክሩስ ራሱ ነው። በ2024 ዋንጫው ሲመጣም ካሴሚሮ ማንቸስተር ዩናይትድ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር።

«ሞድሪች ባሎን ዶር አለው፤ ክርክሩ አለቀ»

አላለቀም። ሞድሪች በ2018 ይሄን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ሲሸለም፣ ከ2008 ጀምሮ ሜሲና ሮናልዶ ብቻ ሲቀባበሉት የኖሩትን ሽልማት ነው የወሰደው። ይገባዋል። ነገር ግን ሽልማቱ የአንድ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ክሮኤሺያ ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰች፤ ጀርመን ከምድቧ እንኳን አላለፈችም። በክለብ ደረጃ ሁለቱም ያነሱት ዋንጫ አንድ ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው የብሔራዊ ቡድን ክረምት ነው።

«ጎልና አሲስት ቁጠርና ፍረድ»

ክሩስ ለማድሪድ በ465 ጨዋታ 28 ጎል አገባ። ሞድሪች ደግሞ ወደ 600 በሚጠጋ ጨዋታ 43። ምን ነገሩን? ምንም። የእነዚህ ሰዎች ስራ ከአሲስቱ (ለጎል ከበቃችው የመጨረሻ ቅብብል) በፊት ያለችው ኳስ ናት፤ እሷን ደግሞ የጎልና የአሲስት ቆጠራ አይመዘግባትም።

«የማዕዘን ምት የክሩስ ነው፤ ሞድሪች የቆመ ኳስ ላይ የለበትም»

በ2014 የሊዝበን ፍጻሜ ራሞስ በባከነ ሰዓት በጭንቅላቱ አትሌቲኮን ያስለቀሰበትን የማዕዘን ምት የመታው ሞድሪች ነው። ክሩስ ያኔ ገና ማድሪድ አልደረሰም። ክሩስም በተራው በ2024ቱ የዌምብሌይ ፍጻሜ ለካርቫሃል ጎል የማዕዘን ምቱን አሻግሮለታል። አንድ ለአንድ።

«ሞድሪች ማድሪድ ሲገባ ወዲያው ነው የደመቀው»

በፍጹም። በ2012 ከቶተንሃም ከመጣ ከወራት በኋላ አንባቢዎች በጋዜጣ ምርጫ የዓመቱ መጥፎ ግዢ ብለውታል። ነገሩን የለወጠው በመጋቢት 2013 ኦልድ ትራፎርድ ላይ ያገባት ጎል ናት። የዩናይትድ ደጋፊ የናኒን ቀይ ካርድ ነው የሚያስታውሰው። ከዚያ በኋላ ተቀይሮ ገብቶ ከሳጥኑ ውጪ አቻ ያደረገው ግን ሞድሪች ነበር።

«ምርጫው ግልጽ ነው»

ለማን? መቼ? እኔ የሊግ ዋንጫ እፈልጋለሁ ካልኩ ክሩስን አስቀድማለሁ። ዓመቱን ሙሉ ጨዋታውን በልኩ ያስኬድልኛል፤ 1 ለ 0 እየመራሁ 20 ደቂቃ ከቀረኝም ኳሷ እሱ ጋ ትሁን።

እየተመራሁ ከሆነ ግን ሞድሪች። የያኔው የማድሪድ አሰልጣኝ አንቼሎቲም ያደረገው ይሄንኑ ነው። ሚያዝያ 2022፣ ሩብ ፍጻሜ፣ በርናቤው ላይ ቼልሲ 2 ለ 0 እየመራ በደርሶ መልስ እኩል ሆኗል። በ73ኛው ደቂቃ ክሩስ ወጣ፣ ካማቪንጋ ገባ። ክሩስ እየተበሳጨ ነው የወጣው። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ቼልሲ ሦስተኛ ጨመረ፤ ማድሪድ አለቀለት ተባለ። በ80ኛው ደቂቃ ሞድሪች በቀኝ እግሩ ውጫዊ ክፍል ከተከላካዮቹ አናት በላይ አሻገረ። ሮድሪጎ ሳያበርድ መታት። በተጨማሪ ሰዓት ቤንዜማ ጨረሰው፤ ማድሪድ በደርሶ መልስ ድምር 5 ለ 4 አለፈ። ያንን ኳስ ክሩስም ያያታል ብዬ አምናለሁ። ግን እሱ እንዲያያት ቡድኑ ተረጋግቶ መጫወት ነበረበት፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ በርናቤው ውስጥ የተረጋጋ ሰው አልነበረም።