የመንዝ በግ እርባታ ምርምር በሰሜን ሸዋ

የመንዝ በግ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም በመንዝ ወረዳዎች የሚረባ፣ አጭር ላትና ሻካራ ጸጉር ያለው ትንሽ በግ ነው። ሥጋው ለገበያ፣ ጸጉሩ ለባናና ለዝተት ይውላል። ውርጭ ገብሱን ሲመታ ቤተሰቡ የሚሸጠው እሱን ነው። ትንሽነቱን እንደ ጉድለት የቆጠረው አርቢው ሳይሆን ተመራማሪው ነበር።

ስለዚህም ምርምሩ በማዳቀል ጀመረ። የደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ እ.ኤ.አ. በ1967 ተቋቋመ። ኮሪዴልና ሃምፕሻየር ከተባሉ የውጭ ዝርያዎች የተገኙት ክልሶች መልካቸው የአገሩን በግ ባለመምሰሉ አርቢው አልወደዳቸውም። እ.ኤ.አ. በ1980 ከእስራኤል የገባው አዋሲ የተባለው የበግ ዝርያ ግን ላታም ስለሆነ የተሻለ ተቀባይነት አገኘ። ክልሱ በክብደትና በጸጉር እንደሚበልጥ አያከራክርም፤ መኖ ሲያጥር ብልጫው ይቀጥላል ወይ የሚለው ግን እንደ ተጠያቂው ይለያያል። የክልሶቹን ሥርጭት ክፉኛ የጎዳው ሜዲ ቪስና የተባለው የሳንባ በሽታ ነው። በወተትና በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ክትባትም መድኃኒትም የለውም። ምልክቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ በመሆኑ ጤነኛ መስሎ የተከፋፈለ አውራ በግ መንጋውን ሊበክል ይችላል። ዶርፐር የተባለው የደቡብ አፍሪካ የሥጋ በግ ከዚያ በኋላ መጣ።

ትልቁ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2009 በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ነው። ቀድሞ በሸኖ ስም ይታወቅ የነበረው የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ ተቋማት ጋር ይመራዋል፤ መራጩ ግን አርቢው ራሱ ነው። ግልገል እንደተወለደ የጆሮ ቁጥር ይደረግለታል፤ የተወለደበት ቀን፣ እናቱ፣ መንታ ወይም ነጠላ መሆኑ ይመዘገባል። ጡት ሲጥልና በስድስት ወሩ፣ ጠዋት ለግጦሽ ሳይወጣ ይመዘናል። ክብደቱ እንዳለ አይወዳደርም፦ መንታ ከነጠላ፣ የመጀመሪያ ወሊድ ከሦስተኛው ጋር እንዲነጻጸር ይስተካከላል። ከዚያ የአርቢዎች ኮሚቴ ጠቦቶቹን በአንድ በረት ሰብስቦ በቁጥሩ ላይ ላትን፣ ቀንድን፣ ቀለምንና ቁመናን ይጨምራል። ወረቀቱ አንደኛ ያለው ጠቦት በላቱ የሚወድቅበት ጊዜ አለ፤ ይህም ተገቢ ነው፣ ገበያው የሚገዛው በዓይን ነውና።

ዋናው ችግር ፈጥኖ ያደገ ጠቦት ፈጥኖ መሸጡ ነው። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ምርጡ ይወጣል፤ ለስሪያ የሚቀረው ገዢ ያጣው ይሆናል። መንጋው በዚህ አኳኋን ወደ ኋላ ይመረጣል። መፍትሔው ተዘዋዋሪ ገንዘብ ነው፦ የተመረጠው ጠቦት ከባለቤቱ ተገዝቶ በቡድን አባላት መንጋ ውስጥ ይሰማራል፤ አገልግሎቱን ሲጨርስ ተሽጦ ገንዘቡ ለሚቀጥለው ይውላል። ያልተመረጡት ካልተሸጡ ወይም ካልተኮላሹ በወል ግጦሽ ላይ ሥራውን ያፈርሱታል። አውራው የገዛ ልጆቹ ለስሪያ ሳይደርሱ ወደ ሌላ ቡድን መዛወር አለበት፤ ዝውውሩ ከዘገየ በዝምድና መራባት ይከተላል፤ ደካማ ግልገልና ሞት ይበዛል።

ማዕከሉ በሰብልም ይሠራል፤ ቆርምድ በተባለው የባቄላ በሽታና በገብስ ዝርያ ላይ የተሠሩ ሥራዎች ይጠቀሳሉ። በሞረትና ጅሩ ጥቁር አፈር ላይ ከተሞከሩት ደግሞ ውኃ የሚያጠነፍፈው ሰፊ መደብ ነው፦ 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ። በዚያው ወረዳ እነዋሪ ላይ ገበሬው መደቡን ከዚያ በፊትም በእጁ ያወጣው ነበር።