ባሪ ፊትዝጄራልድ፦ ዋና ተዋናይ ነው ወይስ አጃቢ?

ኪሊያን መርፊ በ2024 የምርጥ ተዋናይነት ኦስካር ሲወስድ፣ አየርላንድ ተወልዶ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው ተባለ። እውነት ነው። ግን ከዚያ 79 ዓመት ቀደም ብሎ፣ አንድ አጭር፣ ቅንድቡ የተንጨፈረረ፣ ድምፁ ሻካራ የደብሊን ሰው ለዚሁ ሽልማት ታጭቶ ነበር። ዋናውን ሽልማት ሌላ ሰው ወሰደው። እሱ ግን በዚያው ምሽት፣ በዚያው ፊልም፣ በዚያው ገጸ ባሕርይ የምርጥ ረዳት ተዋናይነትን ኦስካር ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። አንድን ሰው ለአንድ ሥራ በሁለቱም ዘርፍ ማጨት ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልሆነም።

ሰውየው ባሪ ፊትዝጄራልድ ይባላል። ማለትም በመድረክ ስሙ። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ዊልያም ጆሴፍ ሺልድስ ነው። የተወለደው ማርች 10 ቀን 1888 ደብሊን ውስጥ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የሠራተኛ ማኅበር ሰው ነበር፤ እናቱ ጀርመናዊት። ቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ታስፈልገናለች።

ወጣቱ ዊል ተዋናይ እሆናለሁ ብሎ ያደገ ልጅ አይደለም። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የመንግሥት ቢሮ ተቀጠረ። ቆየት ብሎ የተመደበው ሥራ አጦች ወደሚስተናገዱበት ክፍል ነው። ቀን ፋይል ያገላብጣል፤ ማታ ማታ ወደ አቢ ቴአትር ብቅ ማለት ጀመረ።

ስለ አቢ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። በ1904 የተከፈተ የደብሊን ቴአትር ቤት ነው። ገጣሚው ዬትስና ሌዲ ግሪጎሪ ናቸው ዋናዎቹ መሥራቾች። አየርላንዶች ገና በእንግሊዝ ሥር ሳሉ የራሳቸውን ሰው፣ የራሳቸውን አነጋገር መድረክ ላይ ለማየት ያቋቋሙት ቤት ነው። ክፍያው ግን የሚያወላዳ አልነበረም። ብዙዎቹ ተዋንያን እንጀራቸውን የሚጋግሩት ሌላ ቦታ ነው። ዊልያም ሺልድስም ባሪ ፊትዝጄራልድ የተባለው ለዚህ ነው፤ አለቆቹ ስሙን ፖስተር ላይ አይተው “አንተ ሰውዬ የማን ሠራተኛ ነህ?” እንዳይሉት።

ስለ መጀመሪያ ሚናው የሚተረክ ጨዋታ አለ። በአንድ የጸሐፌ ተውኔቱ ሸሪዳን ኮሜዲ ላይ አራት ቃል ብቻ ያላት ቃለ ተውኔት ሰጡት። አራት ቃል! ተራው ሲደርስ ደነገጠና የሁለቱን ቃላት መነሻ ፊደል አቀያየረው። ወጥቶ የሰማችው ዓረፍተ ነገር ምንም ትርጉም የላትም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያች ቀን በኋላ ኮሜዲ የእሱ ሆነ ይባላል።

ቀልዱ ግን ዝም ብሎ ቀልድ እንዳልሆነ የታየው ጸሐፌ ተውኔቱ ሾን ኦኬሲ ሲመጣ ነው። ኦኬሲ የጉልበት ሠራተኛ ሆኖ የኖረ፣ የደብሊንን የድሆች መንደር ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነው። ከፊትዝጄራልድ ጋር ጓደኛሞች ሆኑ። በ1924 አቢ የኦኬሲን “ጁኖ ኤንድ ዘ ፔይኮክ” ለሕዝብ አቀረበ። ፊትዝጄራልድ የተሰጠው የካፒቴን ቦይል ሚና ነበር።

ቦይልን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ካፒቴን ይባላል እንጂ የባሕር ሕይወቱ በአንዲት የድንጋይ ከሰል ጀልባ ከደብሊን ሊቨርፑል ደርሶ ከመመለስ አያልፍም። እሱ ግን ውቅያኖስ እንዳቋረጠ ነው የሚያወራው። ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል። ሚስቱ ጁኖ ቤቱን በሥራ ስትገፋ እሱ ከጓደኛው ጋር መጠጥ ቤት ነው። “ሥራ ተገኝቶልሃል” የሚል ወሬ ከተሰማ ደግሞ ወዲያው እግሩን ያመዋል። እዚሁ ላይ አስቡት፦ ይህን ሥራ ጠል የሚጫወተው ሰው ቀን ሲውል የነበረው የሥራ አጦች ቢሮ ነው። ሞዴል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የተውኔቱ መጨረሻ ነው የፊትዝጄራልድን ችሎታ የሚፈትነው። ዕቃው ከቤት ተጭኖ ወጥቷል። ልጁ በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ሳቢያ ተገድሏል። ጁኖ ሴት ልጇን ይዛ ቤቱን ለቅቃለች። ቦይልና ጓደኛው ይህን ሁሉ ሳያውቁ ሰክረው እየተንገዳገዱ ባዶው ክፍል ይገባሉ። የቀረችው አንዲት ሳንቲም ከእጁ ወደ ወለሉ ትወድቃለች። ዓለም እንዴት እንደተመሰቃቀለ እየለፈለፈ መጋረጃው ይዘጋል። ሰውየው አሁንም ያስቃል። ሳቁ ግን ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ያ ሚና ለወጉ “ዋና” ይሁን “አጃቢ” ማን ይለየዋል? ተውኔቱን የምትሸከመው ጁኖ ናት፤ ዓይን የሚከተለው ግን እሱን ነው። ይህ ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ተከትሎታል።

በ1926 ኦኬሲ “ዘ ፕላው ኤንድ ዘ ስታርስ”ን ይዞ መጣ፤ “ማረሻውና ከዋክብቱ” እንደማለት ነው። ታሪኩ አየርላንዶች በ1916 ደብሊን ውስጥ በእንግሊዝ ላይ ባነሡት የፋሲካ ዓመፅ ዙሪያ ነው። ጀግኖቻችን ተዋረዱ፣ ባንዲራችን መጠጥ ቤት ገባ ያሉ ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት አዳራሹን አናወጡት። ጮኹ፣ ዕቃ ወረወሩ፣ መድረክ ላይ ወጡ። ፊትዝጄራልድ የአናጢውን ፍሉተር ጉድን ሚና እየተጫወተ ነበር። መድረክ ላይ ከወጡት አንዱን በቡጢ አጋድሞታል። ዬትስም መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝቡን “ዳግመኛ ራሳችሁን አዋረዳችሁ” ብሎ ገሠጸው።

የሚገርመው፣ የፊትዝጄራልድ ታናሽ ወንድም አርተር ሺልድስ የዚያ የ1916 ዓመፅ ተዋጊ ነበር። እሱም የአቢ ተዋናይ ነው። ጠመንጃውን ከመድረኩ ሥር ደብቆት እንደነበር ይነገራል። ዓመፁ ሲከሽፍ እንግሊዞች ዌልስ ውስጥ ፍሮንጎክ በተባለ ካምፕ አሰሩት። ስለዚህ “ዓመፁን ሰደባችሁ” ተብለው ከተጮኸባቸው የቴአትር ቤቱ ሰዎች መካከል፣ ለዓመፁ የታሰረ ሰው ነበረበት።

ፊትዝጄራልድ የቢሮውን ወንበር የለቀቀው 41 ዓመቱ ላይ ነው። ኦኬሲ እሱን በልቡ ይዞ የጻፈውን “ዘ ሲልቨር ታሲ” አቢ አልቀበልም አለ። ተውኔቱ በ1929 ለንደን ላይ ሲዘጋጅ ለጓደኛው ሥራ ሲል ወደዚያ ሄደ። ደሞዝና ጡረታ ያለውን ሥራ ትቶ በዚያ ዕድሜ ተዋናይ መሆን ለዘመዶቹ ምን እንዳስመሰለ መገመት አያቅትም። የእኛም ዘመዶች ቢሆኑ ሽማግሌ ይልኩበት ነበር። ከዚያ በኋላ ከአቢ ጋር አሜሪካን ዞረ፣ ፊልምም ነካካ።

ሆሊውድ የጠራው በፊልም ዳይሬክተሩ ጆን ፎርድ በኩል ነው። ፎርድ የአየርላንድ ስደተኞች ልጅ ነው፤ የአቢን ሰዎች ይወድ ነበር። በ1936 “ማረሻውና ከዋክብቱ”ን ፊልም ሲያደርገው ፊትዝጄራልድን በዚያው በፍሉተር ሚና አመጣው። አርተርም አብሮ ሄደ። ከዚያ ሥራው ቀጠለ። በ1938ቱ “ብሪንጊንግ አፕ ቤቢ” ጠጪው አትክልተኛ፣ በ1940ው “ዘ ሎንግ ቮዬጅ ሆም” መርከበኛ፣ በ1941ዱ “ሃው ግሪን ዋዝ ማይ ቫሊ” የመንደር ሰው። ሁሉም ትንንሽ ሚናዎች ናቸው። ገባ ብሎ ትዕይንቱን ይሰርቅና ይወጣል።

ከዚያ 1944 መጣ፤ “ጎይንግ ማይ ዌይ”። ዳይሬክተሩ ሊዮ ማኬሪ፣ ባለ ዋና ሚናው ዘፋኙ ቢንግ ክሮዝቢ። ክሮዝቢ ኒው ዮርክ ውስጥ ወዳለ ዕዳ የበዛበት ደብር የሚላክ ወጣት ካቶሊክ ቄስ ነው። ፊትዝጄራልድ ደግሞ ደብሩን ለአርባ አምስት ዓመት የያዙት ግትሩ ሽማግሌ አባ ፊትዝጊበን። ተዋናዩ ያኔ ገና 56 ዓመቱ ነው፤ ግን ወገቡን አጉብጦ፣ እግሩን እየጎተተ ሃያ ዓመት ጨመረበት። ፕሮቴስታንቱ ሰው የአሜሪካ ካቶሊኮች ተወዳጅ ቄስ ሆኖ ቀረ።

አንዲት ትዕይንት ልጥቀስ። ሽማግሌው ተከፍተው ከቤት ወጥተው፣ በዝናብ በስብሰው ተመልሰዋል። አልጋ ላይ ናቸው። ወጣቱን ቄስ ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ እንዲያነሣ ያዝዙታል። ከመጽሐፉ ጀርባ ያለው ግን ሙዚቃ የሚያሰማ ሣጥን ነው፤ በውስጡም ውስኪ። እናታቸው በየገናው ከአየርላንድ ይልኩላቸዋል። ስለ እናታቸው ማውራት ሲጀምሩ የፊትዝጄራልድ ፊት እንደ ሕፃን ይሆናል። ፊልሙ ሲያልቅ ከዘጠና ዓመት በላይ የሆናቸው እኚያ እናት ከአየርላንድ መጥተው በበር ይገባሉ። ሽማግሌው ቄስ ትንሽ ይቆሙና፣ ራሳቸውን እናታቸው ደረት ላይ ጣል ያደርጋሉ። አንድም ቃል አይናገሩም። እኔ ይህን ፊልም ትንሽ ማር የበዛበት ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። እዚያች ላይ ስደርስ ግን ትችቴን ዋጥ አድርጌ እቀመጣለሁ።

በዚያን ጊዜ የኦስካር ደንብ አንድ ሥራ በዋናም በረዳትም ዘርፍ ድምፅ እንዲያገኝ ክፍት ነበር። ድምፅ ሰጪዎቹ ሰውየውን የት እንደሚያስቀምጡት አልተስማሙም። ግማሹ ዋና ነው አለ፣ ግማሹ ረዳት። በሁለቱም በቂ ድምፅ አገኘ። የኒው ዮርክ የፊልም ተቺዎች ማኅበር ጭራሽ የዓመቱ ምርጥ ተዋናይ ብሎት ነበር። ማርች 15 ቀን 1945 በተካሄደው የኦስካር ምሽት ዋናውን ክሮዝቢ፣ ረዳቱን እሱ ወሰዱ። ፊልሙ በጠቅላላው 7 ኦስካር አገኘ። ደንቡም ወዲያው ተቀየረ፤ አንድ ሥራ በአንድ ዘርፍ ብቻ ሆነ።

የሽልማቱ ዕጣ ፈንታም ጉድ ነው። የጦርነት ጊዜ ስለነበር ብረት ቁጠባ ላይ ነበሩ፤ ሐውልቱ የተሠራው ቀለም ከተቀባ ጄሶ ነው። ፊትዝጄራልድ ጎልፍ ነፍሱ ነው። ቤት ውስጥ ዱላውን ሲወዘውዝ ኦስካሩን አንገቱ ላይ አገኘውና ጭንቅላቱን ቆረጠው። ምትክ ሰጡት።

ያ ዓመት ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም። በማርች 1944 የሚነዳው መኪና አንዲት ሴት ገጭቶ ሕይወቷ አልፏል፤ ልጇም ተጎድታለች። በሰው መግደል ወንጀል ተከሰሰ። በጃንዋሪ 1945 ማስረጃው አልበቃም ተብሎ በነጻ ተለቀቀ። ሽልማቱን የወሰደው ከዚያ ሁለት ወር በኋላ ነው።

ከኦስካሩ በኋላ ሚናዎቹ ተለቅ ተለቅ አሉ። በ1945ቱ “ኤንድ ዜን ዜር ወር ነን” ዳኛ ሆነ። በ1948ቱ “ዘ ኔክድ ሲቲ” ደግሞ የግድያ ምርመራውን የሚመራው የኒው ዮርክ ፖሊስ መኮንን። ያ ፊልም በስቱዲዮ ሳይሆን በእውነተኛው ጎዳና ላይ፣ አንዳንዴም ካሜራውን መኪና ውስጥ ደብቀው የቀረጹት ነው። በፊልሙ ውስጥ አጭሩ ሰው ሳይጮህና ሽጉጥ ሳያወዛውዝ ጉዳዩን ይፈታዋል።

ዛሬ በብዛት የሚታወሰው ግን በ1952ቱ የፎርድ ፊልም “ዘ ኳየት ማን” ነው። የውጭው ክፍል የተቀረጸው በምዕራብ አየርላንድ፣ ኮንግ በምትባል መንደር ነው። ጆን ዌይን ከአሜሪካ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለስና ከሞሪን ኦሃራ ፍቅር ይይዘዋል። በመንደሩ ወግ ደግሞ ዝም ብሎ ጠይቆ ማግባት የለም፤ አማላጅ ያስፈልጋል። አማላጁ ፊትዝጄራልድ ነው፤ ሚካሊን ፍሊን። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ቢያንስ ሦስት ሆኖ ነው የሚሄደው። ይህ ብቻውን ነው፤ ሽማግሌም፣ ባለጋሪም፣ አወራራጅም እሱው። ፈረሱ መጠጥ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ሳይታዘዝ ይቆማል። ውስኪህ ላይ ውኃ ልጨምርልህ ወይ ሲባል፣ ውስኪ ስጠጣ ውስኪ እጠጣለሁ፣ ውኃ ስጠጣም ውኃ የሚል መልስ አለው።

በሠርጉ ማግስት ደግሞ ሙሽሮቹ ቤት ይመጣል። መኝታ ክፍሉን አጮልቆ ሲያይ አልጋው ተሰብሯል። አልጋውን የሰበረው ጠብ ነው፤ እሱ ግን ሌላ ነገር ገመተ። አይኖቹ ይፈጣሉ፣ ባርኔጣው ወደ ኋላ ይላል፣ በሁለት ቃል ሙሽራውን ከጥንቱ የግሪክ ገጣሚ ከሆሜር ጀግኖች ተርታ ያሰልፈዋል። ሁለት ቃል ብቻ! አራት ቃል አቅቶት የጀመረ ሰው።

በዚያው ፊልም የመንደሩ የፕሮቴስታንት ቄስ አርተር ሺልድስ ነው። ቢያንስ አንደኛው ወንድም የገዛ ሃይማኖቱን ቄስ ተጫወተ።

ፊትዝጄራልድ አላገባም። ለብዙ ዓመት የኖረው በፊልም ሥራ ላይ በእሱ ቦታ እየቆመ መብራት ከሚያስተካክልለት ጓደኛው ጋር፣ አንድ አፓርታማ ተጋርቶ ነው። ጓደኛው በ1953 ሞተ። ከዚያ በኋላ ሥራው እየቀነሰ ሄደ። በ1956 “ዘ ኬተርድ አፌር” ላይ ከተዋናይቷ ቤቲ ዴቪስ ጋር ታየ። የመጨረሻዎቹን ፊልሞች ወደ አገሩ ተመልሶ ሠራ። በ1959 ደብሊን ውስጥ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ጃንዋሪ 4 ቀን 1961፣ በ72 ዓመቱ፣ በተወለደባት ከተማ አረፈ። የተቀበረው ዲንስግሬንጅ በሚባለው መካነ መቃብር ነው።

አርተር የሳንባ ሕመም ስለነበረበት አየሩ ይስማማኛል ብሎ ካሊፎርኒያ ቀርቶ ነበር። በ1970 እዚያው ሳንታ ባርባራ ሞተ። አስከሬኑ ግን አትላንቲክን ተሻግሮ ደብሊን ገባ፤ ዲንስግሬንጅ፣ ወንድሙ ዘንድ።