የልጆች ግጥም በጣና ዳር

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ልጅ ከግጥም ጋር የሚተዋወቀው በጆሮው ነው። እናት ወይም አያት አዝላው «እሹሩሩ» ስትል ቃሉ ባይገባውም ምቱን ይለምዳል። «ዳቦውን በአህያ፣ ወተቱን በጉያ» የሚለውን ስንቱ ሰው ሸምግሎም አይረሳውም። ሁለቱም ሐረጎች «ያ» ላይ ያርፋሉ። ቤት መምታት ማለት ይኸው ነው።

የአማርኛ ግጥም የሚለካው በቀለም ነው፤ ቀለም ማለት በአንድ ምት የሚባል የድምፅ ክፍል ነው፣ «ተ-ረት» ሲባል 2 ቀለም ነው። ለአዋቂ የሚገጠመው ወል ቤት በአንድ ስንኝ 12 ቀለም ይይዛል፤ 6 እና 6 ሆኖ ይከፈላል። ለትንሽ ልጅ ይህ ይረዝምበታል፤ ትንፋሹ መሀል ላይ ያልቅበታል። ለልጅ አፍ የሚመቸው 4 በ4 የሚሄደው ነው። ይህ ልክ «ቡሄ በሉ» ይባላል፤ ስሙም ከልጆቹ ጭፈራ የመጣ ነው። «ተረት ተረት» ብላችሁ ቁጠሩት፣ 4 ቀለም ነው። «የላም በረት» የሚለው መልስም እንደዚያው። ተረቱ ገና ሳይጀመር ልጆቹ አንድ ሙሉ ስንኝ ገጥመዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ ነገር መልሱ ነው። የእኛ የልጆች ግጥም ብቻውን አይቆምም፣ ተቀባይ ይፈልጋል። አንዱ «እንቆቅልሽ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል። በድብብቆሽ ፈላጊው «አኩኩሉ» ሲል የተደበቁት «አልነጋም» ይላሉ፤ ተደብቀው ሲያበቁ «ነጋ!» ነው። ነሐሴ 13 ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው በየደጁ ይጨፍራሉ፣ ሙልሙል ይሰጣቸዋል። በእንቁጣጣሽ ደግሞ ሴቶቹ አደይ አበባ ይዘው ይዞራሉ፤ አንዷ «አበባዮሽ» ስትል ሌሎቹ «ለምለም» ይቀበሏታል።

በዘጌና በደሴቶቹ የአብነት ትምህርትም የሚጀምረው በድምፅ ነው። ልጁ ፊደል ሲቆጥር «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሳልስ» እያለ ሰባቱን ድምፆች ጮክ ብሎ ይወርዳቸዋል። ይህ ለግጥም ትልቅ ስንቅ ነው። የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በመጨረሻው ፊደል ስለሆነ፣ ፊደል የቆጠረ ልጅ በጆሮው የሰማውን ምት በዓይኑም ያየዋል።

ባሕር ዳር የመምህራን ከተማም ናት። በ1960ዎቹ የተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የክልሉ ትምህርት ቢሮ መቀመጫም እዚሁ ነው። የአንደኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት ላይ የሚወጡት ግጥሞች ግን ብዙ ጊዜ ምክር ይበዛባቸዋል ብዬ አምናለሁ። እጅህን ታጠብ፣ ታላቅህን አክብር ማለቱ ጥሩ ነው፤ ግን ልጅ ደጋግሞ ካላለው ምክሩም አብሮ ይቀራል። አስቀድሞ ምቱ ይጣፍጠው።

ለልጅ ግጥም ማንበብ ከባድ አይደለም። ቀስ ብሎ፣ በእጅ ጭብጨባ እየመቱ፣ የመጨረሻውን ቃል ለልጁ መተው ነው። ለምሳሌ እኔ የገጠምኳት ይህቺ ናት፦

ታንኳ መጣች ከደቅ ደሴት፣
አሳ ይዛ ለኛ እራት።

ሁለት ጊዜ ሙሉውን አንብቡለት። በሦስተኛው «ለኛ...» ብላችሁ ዝም በሉ። ልጁ «እራት!» ብሎ ይዘጋዋል። ከዚያ ቃሉን ይቀይር፤ አሳውን ትቶ ሎሚ ይጫንባት፣ ከደቅ ፋንታ ከጎርጎራ ትምጣ። ቤቱ ቢፈርስም አትቆጡት፣ እሱ ራሱ ጆሮው ሲከፋው ያስተካክለዋል። ጉማሬው፣ ደንገሉ፣ አምባዛው፣ የዓባይ ድልድይ ሁሉ ግጥም የሚወጣላቸው የሰፈሩ ነገሮች ናቸው፤ ልጆቹ ስለሚያውቋቸው ለመግጠምም አይቸገሩም።