የቢዝነስ ፕላን ማጠቃለያ ምንድን ነው?

የቢዝነስ ፕላን ማጠቃለያ ከዕቅዱ ፊት የሚቀመጥ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ነው። ሥራው አንባቢው ሙሉውን ዕቅድ ሳያገላብጥ እንዲወስን ማስቻል ነው። ውሳኔው ብድር መስጠት፣ ድርሻ መግዛት ወይም ቢያንስ «ቀሪውን ላንብበው» ማለት ሊሆን ይችላል። ንግድ ነክ ጽሑፍ የሚማሩ ብዙ ተማሪዎች ከመግቢያ ጋር ያምታቱታል። መግቢያ ላይ «የገንዘብ ዕቅዱ በምዕራፍ 6 ቀርቧል» ተብሎ ይታለፋል፤ ማጠቃለያ ላይ ግን የምዕራፍ 6 ውጤት ራሱ ከነቁጥሩ ይጻፋል።

ቦታው ፊት ቢሆንም የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ የተጻፈ ማጠቃለያ ምኞትን ይዞ ይቀራል፤ ዋጋው፣ ወጪውና የሽያጭ ግምቱ ሲሠራ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ፣ ማጠቃለያው ግን በአሮጌው ቁጥር ይቆማል። አንባቢ በገጽ 1 ላይ አንድ ቁጥር፣ በገጽ 19 ላይ ሌላ ካገኘ የቀረውንም ማመን ያቆማል።

ምን ምን ይይዛል? ማን ምን ለማን እንደሚሸጥ፣ ደንበኛው ዛሬ ያንን ችግር በምን እንደሚወጣው፣ ሽያጩ ከየት እንደሚመጣ፣ ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ለዚህ ሥራ ምን ችሎታ እንዳላቸው፣ የገንዘቡ ስሌት፣ የሚጠየቀው መጠንና አጠቃቀሙ። የመጀመሪያዎቹ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ያልቃሉ። አብዛኛው ድካም የሚገባው የገንዘቡ ስሌትና ጥያቄው ላይ ነው፤ ማጠቃለያ የሚወድቀውም እዚያው ነው።

በምሳሌ እንየው። የተማሪ ቦርሳ የሚሰፋ ትንሽ ድርጅት አለ እንበል። አንድ ቦርሳ በ50 ብር ይሸጣል። ለጨርቅ፣ ለዚፕና በቁጥር ለሚከፈል የስፌት ዋጋ 30 ይወጣል። ከእያንዳንዱ ቦርሳ 20 ይተርፋል ማለት ነው። ቢሸጥም ባይሸጥም በየወሩ የሚከፈለው ቋሚ ወጪ፣ ማለትም ኪራይ፣ መብራትና የወር ደመወዝ፣ 12,000 ነው። 12,000 ለ20 ሲካፈል 600 ይመጣል። ብሬክ ኢቨን የሚባለው፣ ገቢና ወጪ እኩል የሚሆኑበት ነጥብ፣ በወር 600 ቦርሳ ነው።

ይህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ከማምረት አቅም ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ አለበት። 4 ሰፊዎች እያንዳንዳቸው በቀን 8 ቦርሳ ቢያወጡና በወር 25 ቀን ቢሠሩ ጠቅላላ አቅሙ 800 ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ወጪውን ለመሸፈን ብቻ የአቅሙን 75 በመቶ ማምረትና መሸጥ አለበት። ዋጋው ከ50 ወደ 45 ቢወርድ ደግሞ ከቦርሳው የሚተርፈው 15 ይሆናል፤ ብሬክ ኢቨኑም 800 ይገባል። የ10 በመቶ ቅናሽ አቅሙን በሙሉ በላው፣ ትርፍም አልቀረም። «ከተፎካካሪ በርካሽ እንሸጣለን» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ይህን ስሌት ሳይሠራ መጻፍ የለበትም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንሂድ። ድርጅቱ ለመነሻ 180,000 ያስፈልገዋል፦ ለማሽን 70,000፣ ለጥሬ ዕቃ 60,000፣ ለ3 ወር ቋሚ ወጪ 36,000፣ ለመጠባበቂያ 14,000። ባለቤቶቹ 60,000 ያዋጣሉ፤ 120,000 ብድር ይጠይቃሉ። ጥሩ ነው፤ ድምሩ ይገጥማል፣ የራስ መዋጮም አለ። ግን ማጠቃለያው «ብድሩን በ24 ወር እንመልሳለን» ቢልስ? 120,000 ለ24 ሲካፈል ወለዱ ሳይታሰብ በወር 5,000 ነው። ድርጅቱ በሙሉ አቅሙ 800 ቦርሳ አምርቶ ሁሉንም ቢሸጥ እንኳ ከቋሚ ወጪ በኋላ የሚቀረው 4,000 ብቻ ነው። አበዳሪው ይህን በአንድ ደቂቃ ያሰላዋል፣ ዕቅዱንም ገና ገጹን ሳይገልጥ ያስቀምጠዋል። መፍትሔው ቃላት ማሳመር አይደለም። ወይ የመክፈያው ጊዜ ይረዝማል፣ ወይ የብድሩ መጠን ይቀንሳል፣ ወይ ዋጋው ይስተካከላል። ዋጋው 55 ቢሆንና 800 ቦርሳ ቢሸጥ የሚቀረው 8,000 ይሆናል፤ ያኔ ግን ደንበኛ በ55 እንደሚገዛ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ማስረጃ ሲባል «ከ100,000 ተማሪዎች 1 በመቶውን ብንይዝ» የሚለው አይቆጠርም። ያ 1 በመቶ ለምን 2 ወይም ግማሽ እንዳልሆነ የሚያስረዳ ነገር የለውም። ከታች መቁጠር ይሻላል፦ «3 ሱቆች እያንዳንዳቸው በወር 150 ቦርሳ ለመውሰድ ተስማምተዋል» ሲባል 450 ይሆናል፤ ለብሬክ ኢቨን 150 እንደጎደለ በግልጽ ይታያል። ጉድለቱን ከየት እንደምትሞሉት ጻፉ። ስምምነቱ በቃል ከሆነ በቃል መሆኑ ይጻፍ፣ የተፈረመ ከሆነም እንደዚያው። ሱቆቹ ዕቃውን ወስደው ገንዘቡን ከ30 ቀን በኋላ የሚከፍሉ ከሆነ ያም መጠቀስ አለበት። በወረቀት ላይ አትራፊ ሆኖ ለጨርቅ መግዣ ጥሬ ገንዘብ አጥቶ የሚቆም ሥራ ብዙ ነው፤ ለ3 ወር የተያዘው 36,000 ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ቅጽል አታባክኑ። «ድርጅታችን ጥራታቸው የላቀ ዘመናዊ ምርቶችን ለማቅረብ የተቋቋመ ነው» የሚለው ለዳቦ ቤትም ለሶፍትዌርም ይሆናል። «የተማሪ ቦርሳ ሰፍተን በ50 ለሱቆች እናከፋፍላለን፤ ለማሽንና ለጥሬ ዕቃ 120,000 ብድር እንጠይቃለን» የሚለው ግን ለሌላ ሊሆን አይችልም። የተደረገውንና የታሰበውንም ለዩ። «ሱቆች ይገዙናል» ሲባል ዛሬ እየገዙ ይሁን ወደፊት ሊገዙ አይታወቅም፤ ወሩን ጻፉ፣ ገና ከሆነም «ለመሸጥ አቅደናል» በሉ።

ማጠቃለያው እንደ አንባቢው ይለያያል። አበዳሪ በመጀመሪያ የሚፈልገው ብድሩ ከየት እንደሚመለስና መያዣው ምን እንደሆነ ነው፤ ሥራው አሥር እጥፍ ቢያድግም የሚያገኘው ወለዱን ብቻ ነውና ዕድገቱ ብዙም አይስበውም። ድርሻ የሚገዛ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ዕድገቱንና ድርሻው ስንት በመቶ እንደሆነ ይጠይቃል። አንዱን ቅጂ ለሁለቱም መላክ ሁለቱንም ያለ መልስ ያስቀራል።

ከመላኩ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። ማጠቃለያው ላይ ባለው በእያንዳንዱ ቁጥር ጎን በእርሳስ የመጣበትን ገጽ ጻፉ፤ ገጽ የሌለው ቁጥር ወይ ዕቅዱ ውስጥ ይገባል ወይ ይሰረዛል። ከዚያ ስለ ሥራው ምንም ለማያውቅ ሰው ስጡትና አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ተቀብላችሁ አራት ነገር ጠይቁት፦ ምን እንደሚሸጥ፣ ማን እንደሚገዛ፣ ስንት እንደተጠየቀ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመለስ። መመለስ ያቃተው የትኛው እንደሆነ አይታችሁ ያንን አንቀጽ እንደገና ጻፉት።